የሁለት ሰው ኮት

በቤታችን ጣቶቼ የታወቁ ቀልድ ናቸው። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ ብርጭቆ ከእጄ ሲያመልጠኝ ወይም የጠርሙስ ክዳን አልከፈት ሲለኝ፣ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረግ ታደርግና "የእሷን ጣቶች ተዉአቸው፤ አንድ ጊዜ ምን ጉድ እንደሠሩን ልንገራችሁ" ብላ ትጀምራለች። የኮቱን ታሪክ ማለቷ ነው። ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ይስቃል። እናቴ ወሬ ታውቅበታለች። የቱ ጋ ዝም እንደሚባል፣ የቱ ጋ ክንድ ተዘርግቶ እንደሚታይ ለክታ ነው የምታወራው። እኔም ከአንገት በላይ እስቃለሁ። እጆቼን ግን ከጠረጴዛው ሥር አስገብቼ ጉልበቴ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሳደርግ ኖሬያለሁ። እስቲ ዛሬ እኔ ላውራው፤ እሷ የምታቆምበት ቦታ ላይ አላቆምም።

ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ከረጅም ባንኮኒ ኋላ ተቀምጣ ስልክ ታነሳለች፤ ለገባው ሁሉ "ምን ልርዳዎት?" ትላለች። እስከ ምሳ ሰዓት እሷ ትሠራለች፤ ከምሳ በኋላ እትዬ ሎጋ ትተካታለች። እትዬ ሎጋ ጎረቤታችን ነበረች፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እውነተኛ ስሟ ሌላ ቢሆንም ቁመቷን ያየ ሁሉ ሎጋ ስለሚላት የራሷን ስም እሷም የረሳችው ይመስለኝ ነበር። እናቴ አጭርና ሞላ ያለች ናት፤ እትዬ ሎጋ ደግሞ በር ስትገባ አንገቷን ዝቅ የምታደርግ ቀጭን ሴት። እህትማማቾች ናቸው ብዬ አምን ነበር። ሁልጊዜ "እህቴ" ሲባባሉ ሌላ ምን ልበል? በሥጋ እንደማይዛመዱ የሰማሁት ከቤታችን እግሯ ከቀረ በኋላ ነው።

እናቴ ሹራብ ደርባ፣ እትዬ ሎጋም አበባ ያለበት ቀሚሷን ለብሳ ስንት ዘመን ሠሩ፤ ስልኩም ቅር ብሎት አያውቅም። በኋላ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ። እኔ ሰውየው ልብስ ሰፊ መስለውኝ ነበር። ሰው ሲያልፍ ፊቱን ሳይሆን የልብሱን ጠርዝ ነው የሚያዩት፤ አንድ ቀን ደግሞ ማስመሪያ ይዘው ከጸሐፊዋ ጉርድ አጠገብ ቁጢጥ ብለው አይቻቸዋለሁ። በመጡ በወሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ማንበብ አጥርቼ የተማርኩት ከዚያ ወረቀት ነው፤ እናቴን እየጠበቅሁ ደጋግሜ አነበንበው ነበር። ለእንግዳ ተቀባዮች ጥቁር ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከጉልበት የወረደ ጥቁር ጉርድ፣ ጣት የማያሳይ ጫማ። የኮቱ እጅጌ እስከ እጅ አንጓ የደረሰ ይሁን። ይህን ያላሟላች ለሥራው ብቁ እንዳልሆነች ይቆጠራል።

ሸሚዙና ጫማው በልመናም በብድርም ተሟላ። ኮት ግን ለሁለቱ ሁለት ማሰፋት የማይታሰብ ነበር። መላውን ያመጡት መንገዳችን ጥግ ላይ ያሉት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አቁመው ወደላይ ወደታች አዩአቸውና፣ እናንተን እኩል ያደረገ ሰው ተራራም ይንዳል ብለው ሳቁ። ከዚያ ሠሩት። ወርዱን በእናቴ ልክ ቆረጡት፤ ለእትዬ ሎጋ ከጀርባ በኩል በመርፌ ቁልፍ ይሰበሰባል። እጅጌውን ግን በእትዬ ሎጋ ልክ ሰፉትና ትርፉን ወደ ውስጥ አጠፉት። እጥፋቱን የሚይዙት ጠቅ ብለው የሚዘጉ ትናንሽ የብረት ቁልፎች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ እጅጌ አምስት አምስት። ሲዘጉ የእናቴ ኮት ነው፤ ሲከፈቱ የእትዬ ሎጋ።

እነዚያን ቁልፎች ጠቅታ ብዬ ነበር የምጠራቸው፤ መክፈቱም የእኔ ሥራ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ በመሥሪያ ቤቱ የጓሮ በር ገብቼ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ መጥረጊያና የወለል ሰም መሐል እቀመጣለሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እናቴ ትገባና ኮቱን ታወልቃለች፤ እቅፌ ላይ ሲያርፍ ገና ይሞቃል። እጅጌውን ገልብጬ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አሥሩንም በአንድ ትንፋሽ መክፈት እችል ነበር። እትዬ ሎጋ ትለብሰውና ክንዷን እንደ ክንፍ ዘርግታ "አደግሁ?" ትለኛለች። "አደግሽ!" እላታለሁ። ጣቴን ስማ፣ "የኔ እመቤት፣ ያላንቺ ማን ያሳድገኝ ነበር" ብላ ወደ ባንኮኒው ትወጣለች። ኮቱ ሰውን የሚያስረዝም ይመስለኝ ነበር። ጣቶቼ በዚያን ጊዜ ቀልድ አልነበሩም፤ መሥሪያ ቤቱን የማቆመው እኔ ነበርኩ።

ዓመት ሳይሞላ ሌላ ወሬ መጣ። ከእንግዲህ ሙሉ ቀን የምትሠራ አንዲት እንግዳ ተቀባይ ብቻ ትበቃለች ተባለ። ሁለቱም ሰኞ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ሦስት ሰዎች ፊት ቀርበው ሊጠየቁ ነው፤ አለባበስም ነጥብ አለው። ያን ቀን እቤታችን ተቀምጠው ሲያወሩ መጽሐፌን ገልጬ ጆሮዬን ወደ እነሱ ጣል አድርጌ ነበር።

"እህቴ፣" አለች እትዬ ሎጋ፣ "አንዳችን መቅረታችን ካልቀረ በሥራችን ይለዩን እንጂ በልብስ አንበላለጥ። ኮቱ የሁለታችን ነው።"

"ምን ጥያቄ አለው፣" አለች እናቴ። "እኔ ስወጣ አንቺ ትለብሺዋለሽ።"

እኔ ነገሩን እንደ ክፍል ፈተና ነው የቆጠርኩት፤ አንዷ አንደኛ፣ ሌላዋ ሁለተኛ ትወጣለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይጨበጨብላቸዋል። የምትቀረዋ ምን ትበላለች የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም። እትዬ ሎጋ ከከተማው ማዶ የሚኖሩ ዓይናቸው የማያይ አባት ነበሯት፤ ከእሷ በቀር ሰው የላቸውም። እናቴም ብቻዋን ነበር የምታሳድገኝ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን አንዱን ከሌላው ጋር አላገናኘሁትም።

እትዬ ሎጋ እሁድ እሁድ አባቷ ዘንድ ትውላለች። በዚያ እሁድ እናቴ ከምሳ በኋላ ኮቱን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ጭኗ ላይ አርፋለች። ዓይኗ ለቅርብ ነገር ደከም ስለሚል ጠራችኝና መርፌና ጥቁር ክር ሰጠችኝ። "ክሩን አስገቢልኝ። ጠቅታዎችሽ ላልተዋል፤ ነገ እንዳያሳፍሩን ላጥብቃቸው።" ጠቅታዎችሽ ማለቷ ደስ አለኝ። የክሩን ጫፍ በምራቄ አሹዬ በአንዴ አስገባሁላት። ክሩ ባለቀ ቁጥር እየጠራችኝ ሦስት ጊዜ አስገብቻለሁ። እሷ ቀና ሳትል ሰፋች፣ ሰፋች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ስትጨርስ ላየው እጄን ብዘረጋ፣ "አትንኪው፣ ልተኩሰው ነው" ብላ ወደ ላይ አነሳችው።

ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እናቴ ለመምህሬ ሆዷን አሟታል ብላ ላከች፤ እኔንም "ዛሬ አንቺ ታስፈልጊናለሽ" አለችኝ። በደስታ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ አለ፤ የራስን ኮቴ አያሰማም። አግዳሚው ላይ ሦስታችን ተደርድረን ተቀመጥን፤ እኔ መሐል። እትዬ ሎጋ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ እጄን ይዛለች፤ መዳፏን አልቧታል።

እናቴ ቀድማ ተጠራች። ቆይታ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። ፈጠን ፈጠን ብለን ሦስታችንም ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው እጅ መታጠቢያ ክፍል ገባን። ኮቱን አውልቃ እቅፌ ላይ ጣለችው፤ እንደ ወትሮው ይሞቃል። እጅጌውን ገለበጥኩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አምስቱም ተከፈቱ። እጅጌው ግን አልወረደም። ጎተትኩት። ሌላኛውን እጅጌ ሞከርኩ፤ እሱም ያው። መልሼ ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩ፣ በጥፍሬ ፈለቀቅሁ። ቁልፉ ተከፍቶ ልብሱ እንዴት አይከፈትም? የሆነ ነገር እንደረሳሁ ታወቀኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ "ቶሎ በይ ልጄ፣ ጠሯት እኮ" አለችኝ። እንባዬ እጅጌው ላይ ተንጠባጠበ።

እትዬ ሎጋ ጎንበስ አለች። እጅጌውን ከእጄ ወሰደችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። ከዚያ እናቴን አየቻት። እናቴ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ታይ ነበር። ያን ሁሉ ነገር አየሁ፤ ተጣልተው ሳይሆን በእኔ አፍረው መስሎኝ ነበር።

"ተዪው፣ የኔ እመቤት፣" አለች እትዬ ሎጋ። "ጥፍርሽን ትጎጂዋለሽ።"

ለበሰችው። እጅጌው ከክንዷ መሐል ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። እንደዚያው ሆና ገባች።

የእናቴ ቀልድ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። ክንዷን ዘርግታ የእጅጌውን ማጠር ታሳያለች፤ ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል፤ እሷ ውኃዋን ትጎነጫለች። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

በሩ በደንብ አይዘጋም ነበርና አግዳሚው ላይ ሆኜ ሰማሁ። አንዱ ሰውዬ እጅጌሽን ምን በላው አሏት፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያውን አንብበሽዋል ወይ ብለው ጠየቋት። "አንብቤዋለሁ" አለች። ታዲያ? አሏት። ዝም አለች። እሳቸው ደገሙት፤ እሷም ዝም አለች። እኔን እንዳታጋልጥ ብላ ነው ዝም ያለችው ብዬ እጄን አፌ ላይ ጭኜ አለቀስኩ። ዛሬ ሳስበው ዝምታዋ የተከላከለው እኔን ሳይሆን እናቴን ነው። "ኮቱ የሁለታችን ነው፤ ቅድም የገባችውም ይሄንኑ ነው የለበሰችው" ብትል ኖሮ ሁለቱም ብቁ አይደላችሁም ተብለው ተያይዘው ይወጡ ነበር። ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ውጣው ነው የወጣችው።

ስትወጣ ኮቱን አውልቃ በሥርዓት አጠፈችና ለእናቴ ሰጠቻት። "ለአንቺ ይሁንሽ፣" አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔን ግን ተንበርክካ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳመቻቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዕቃዋን ጭና ወደ አባቷ ቤት ሄደች፤ የግድግዳው ወዲያ ማዶ ጭር አለ።

ያን ሰኞ እቤት ስንደርስ እናቴ ጫማዋን ስታወልቅ ከፊቷ ቆሜ፣ "እማዬ፣ በእኔ ምክንያት ነው አይደል?" አልኳት። የአንድ እግሯን አውልቃ ሌላው ላይ እጇ ቆመ። መልሱን የምታስብ መሰለችኝ።

"ልጅ ነሽ፣" አለች። "ይቅር ትልሻለች።"

በዚህ ቃል ነው ያደግሁት። ቁልፍ ባየሁ ቁጥር መዳፌን ያልበኛል። ልጄን ስወልድ እንኳ የልብሷን ቁልፍ ነርሷ ትቆልፍልኝ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ደግሞ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እትዬ ሎጋን አየኋት። የሰው ልብስ የታሰረበት ትልቅ ዘንቢል ተሸክማለች፤ ጣቶቿ በሳሙና ተላልጠዋል። እሷም አየችኝ፤ ፊቷ በራ፣ "የኔ እመቤት!" ብላ ጠራችኝ። ሮጥኩ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠራችኝ፤ ዞር አላልኩም። ያን ሩጫ እስካሁን በሕልሜ እሮጠዋለሁ።

ባለፈው ወር ልጄ ሥራ ያዘች። የቅጥር ደብዳቤው ጥቁር ኮት ይላል፤ ዘመን ቢለወጥም ጥቁር ኮት አልተለወጠም። እናቴ ደስ ብሏት ከአልጋ ሥር ሻንጣዋን አስወጥታ የብል መድኃኒት የሚሸተውን ያንን ኮት አመጣች። በእሱ ነው እስከ ጡረታ የሠራችው። ልጄ በማን እንደወጣች እንጃ ረጅም ናት። ስትለብሰው እጅጌው ክንዷ ላይ ቀረ። እናቴ ያኔ ነው ነገሩ ትዝ ያላት መሰለኝ፤ ፊቷ ልውጥውጥ አለና፣ "ካልሆነሽ ተዪው፣ አምጪው" ብላ እጇን ዘረጋች።

"ይወርዳል እኮ፣" አልኩ እኔ። "ውስጡ ቁልፍ አለው።"

"በነዚያ ጣቶችሽ!" ብላ ልጄ ሳቀችብኝ፤ ሻይ ልታፈላም ወደ ወጥ ቤት ገባች።

መነጽሬን አድርጌ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እጅጌው አልወረደም። አርባ ዓመት አልፎ እዚያው ቦታ ላይ ቆመብኝ። ወደ ብርሃኑ አዞርኩት፣ ልክ እንደ እትዬ ሎጋ። ከቁልፎቹ ኋላ፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ ዙሪያውን የዞረ ስፌት አለ። በድርብ ጥቁር ክር፣ ረድፉን ጠብቆ የተሰፋ። ክሩ አንዱንም ቁልፍ አልነካም። የላላ ቁልፍ ያጠበቀ ስፌት አልነበረም፤ እጅጌው እንዳይወርድ የዘጋ ስፌት ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ። የትምህርት ቤት ልብሴን ስትጠግን ሁልጊዜ የምትጨርሰው እንደዚያ ነበር።

"እማዬ፣" አልኳት፣ "ይሄ ምንድነው?"

አላስተባበለችም። ጉልበቷን አሸች። "አንቺን ይዤ የት ልገባ ነበር?" አለች።

"እሱስ ይሁን። እኔን ለምን ወሰድሽኝ? ትምህርት ቤት ነበረኝ እኮ።"

ፊቷን ወደ ወጥ ቤቱ በር አዞረች። መልሱ ስላልነበራት አይደለም፤ እኔም አውቄዋለሁ። እጅጌው በራሱ እምቢ ቢል እትዬ ሎጋ እናቴን ትጠይቃት ነበር፤ በሕፃን እጅ እምቢ ሲል ግን ማንንም አትጠይቅም። እናቴ አስባ ነው የወሰደችኝ። ክሩን እንኳ በእኔ ነው ያስገባችው። ሥራውን መንጠቋን በችግር አመካኝቼ ይቅር እላት ይሆናል። በምወዳት ሴት ፊት እኔን ለጥፋቷ መሸፈኛ አድርጋ ማቆሟን፣ ያም ሳይበቃት አርባ ዓመት ጠረጴዛ ዙሪያ እያወጣች ማሳቋን ግን ከየት አምጥቼ ልቻለው? የከዳችኝ እናቴ ናት።

"ሎጋ ታውቃለች፣" አለች በመጨረሻ፣ ራሷን ለመከላከል ይመስል። "ያኔውኑ አውቃለች። እሷን አልዋሸኋትም።"

የት እንዳለች ጠየቅኋት። ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል አለችኝ። ሰምታ ለቅሶም አልሄደችም፤ ለእኔም አልነገረችኝም።

መቀሱን አንስቼ ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ። አልቸኮልኩም። ክሩን አንድ በአንድ በጠስኩ፣ በጥፍሬ መዘዝኩ፤ ጣቶቼ አንዴም አልተሳሳቱም። እናቴ እስክጨርስ ድረስ አየችኝ። እጅጌው ሲወርድ አርባ ዓመት ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ወጣ፤ የተቀረው የኮቱ ጨርቅ ወደ ግራጫ ሲለወጥ እሱ እንደ ተሰፋበት ቀን ጥቁር ነው። ልጄ ሻዩን ይዛ መጣችና ለበሰችው፤ ልክ እጅ አንጓዋ ላይ አረፈ።

ባለፈው እሁድ ልጄ ሥራ በመያዟ ሊመርቃት ዘመድ ተሰበሰበ። ልጄ ኮቱን ለብሳ ወጣች። አጎቴ እጅጌውን አይቶ ጠርዙ ለምን ጠቆረ አለ። ሁሉም ወደ እናቴ ዞሩ፤ ታሪክ እንደሚመጣ ያውቃሉ። እናቴ እኔን አየችኝ። ምን ልትል እንደሆነ ጠበቅሁ። እውነቱን ትንገራቸው አላልኩም፤ ለአንድ ቀን ዝም ብትልልኝ ይበቃኝ ነበር።

ጉሮሮዋን ጠረገች። "የእሷን ጣቶች ተዉአቸው፣" አለች።

ታሪኩን እንደ ወትሮው አወራችው። ዝም የሚባልበት ቦታ ላይ ዝም አለች፣ ክንድ የሚዘረጋበት ቦታ ላይ ክንዷን ዘረጋች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም፤ እጆቼንም ከጠረጴዛው ላይ አላነሳኋቸውም። ፊት ለፊቷ ዘርግቼ አስቀመጥኳቸው። ውኃዋን ልትጎነጭ ብርጭቆዋን ስታነሳ አየቻቸውና ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠችው።